ተራ አስከባሪ የሌለው ገመድ

«ሲስተም የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

ባንክ ቤት ሄዳችሁ፣ ቁጥር ወስዳችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ፣ በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ልጅ ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ «ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቁ» ትላችኋለች። ያኔ ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ትልቅ ኮምፒውተር የሆነ ቦታ ተሰብሮ፣ መነጽር ያደረጉ ሰዎች ዙሪያውን ሲራወጡ ነው። እኛ ግን ይቺን ዓረፍተ ነገር መጠራጠር ከጀመርን ቆይተናል። ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ አለ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በሰላም ተቀምጦ ሥራ ይጠብቃል። የጠፋው ወይም የተጨናነቀው ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ድሮ ድሮ ገንዘብ ለማውጣት ሒሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ መሄድ ግድ ነበር። ሒሳባችሁ የሚኖረው እዚያው ቅርንጫፍ፣ እዚያው መዝገብ ላይ ነበራ! ባንኮቻችን ኮር ባንኪንግ የሚሉትን ካስገቡ ወዲህ ግን የሳሊተ ምሕረቷም መስኮት የሞያሌዋም መስኮት አንድ ማእከላዊ ኮምፒውተር ይጋራሉ። በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ አንከራከርም። ችግሩ ኮምፒውተሩን ስንጋራ ገመዱንም አብረን መጋራታችን ነው። ስለ ኮምፒውተሩ ሁሉም ያወራል፤ ስለ ገመዱ የሚያወራ የለም።

ይሄ «አንድ ማሽን ለብዙ ሰው» የሚባለው ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባል ሰውና ባልደረቦቹ አንድን ውድ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን ዘዴ አሳዩ። በ1964 ደግሞ ዳርትመዝ ኮሌጅ ውስጥ ጆን ኬመኒና ቶማስ ከርትዝ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ጨምረውበት ለተማሪው ሁሉ ከፈቱት። ዘዴው ለአበሻ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እቁብ ነው። እቁብ ላይ ሁሉም ያዋጣል፣ በዙሩ አንዱ ሙሉውን ይወስዳል፣ በሚቀጥለው ዙር ሌላው። ማሽኑም እንደዚያ ነው። ለአንዱ ሰው ከሰከንድ ላነሰች ጊዜ ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ዙሩ በጣም ስለሚፈጥን እያንዳንዱ ሰው እቁቡ ሁልጊዜ ለእሱ የወጣ ይመስለዋል።

የዚህ ሁሉ ምስጢር ደግሞ ሰው ቀርፋፋ መሆኑ ነው። አንድ መስመር ጽፎ ያስባል፣ ሻዩን ፉት ይላል፣ አፍንጫውን ያካል። በዚያ መሀል ማሽኑም ገመዱም ሥራ ፈት ናቸው። ሥራ ፈቱን ጊዜ ለሌላው ማካፈል ነው እንግዲህ ጨዋታው።

ማሽኑ ግን እቁብተኞቹን በሙሉ ያውቃቸዋል። ዳኛውም ጸሐፊውም ራሱ ነው፤ ተራ ይሰጣል፣ ተራ ይነጥቃል። ገመዱስ? ገመዱ ጫፍ ላይ ያሉት ሰዎች አይተዋወቁም። ማን መቼ ምን እንደሚልክ ማንም አያውቅም።

ይሄንን ቀድመው በደንብ ያዩት የሃዋይ ሰዎች ናቸው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሩ አንድ ደሴት ላይ፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ሌሎች ደሴቶች ላይ ነበሩ። ኖርማን አብራምሰን የሚባል ፕሮፌሰርና ጓደኞቹ ስልኩን ትተው በሬዲዮ ለማገናኘት ወሰኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ጀመረ፤ ስሙንም አሎሃ አሉት። (ከማእከል ሆኖ መልእክት የሚቀበለውን ትንሽ ኮምፒውተር ደግሞ «ሜነሁኔ» ብለውታል፤ በአገራቸው ተረት ውስጥ ያሉ ትንንሽ ታታሪ ፍጡራን ስም ነው። ስም ማውጣት እንዲህ ነው!) ሕጉ አጭር ነበር፦ የምትለው ካለህ በል። «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካልመጣልህ ከሌላ ሰው ጋር ተጋጭተሃል ማለት ነው፤ ትንሽ ጠብቅና ድገመው።

ሰብሳቢ የሌለበት የእድር ስብሰባ አስቡ። ሁለት ሰው እኩል ይናገራል፣ ማንም አይሰማም፣ ሁለቱም ይደግሙታል። በሚደግሙበት ሰዓት ሦስተኛው ይነሣል። አብራምሰን ቁጭ ብሎ ሲያሰላው እንዲህ ያለው ስብሰባ ቢበዛ ቢበዛ ከሰዓቱ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ቁም ነገር የሚነገርበት። ሌላው ጸጥታ ወይም ግጭት ነው። ከዚያ በላይ ለመናገር በተጋፉ ቁጥር የሚሰማው እየቀነሰ ይሄዳል። ላሪ ሮበርትስ በ1972 «ማንም ሰው የሚጀምረው ደወል ሲደወል ብቻ ይሁን» የሚል ማሻሻያ ሲያመጣ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ፤ 37 በመቶ ገደማ። ማሽኑን ማንም አልነካውም፣ ሬዲዮውም አልተቀየረም። ደወል ብቻ ነው የተጨመረው።

«ሃዋይ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። የአብራምሰንን ሥራ ያነበበ ቦብ ሜትካፍ የሚባል ወጣት በ1973 ኢተርኔትን አሰበ፤ ዛሬ ሳሎናችሁ ውስጥ የተሰቀለው ዋይፋይም ከዚያው የዘር ሐረግ ነው። ልዩነቱ ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ጆሮውን ጣል አድርጎ ማዳመጡ ነው። ይሄ ብዙ ግጭት ያስቀራል፤ ሁሉንም ግን አያስቀርም።

እኛ ግን የተጋራነው ገመድ ምን እንደሆነ የገባን በኢንተርኔት ካፌ ዘመን ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተልን በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ካፌዎቹ እንደ ሻይ ቤት ፈሉ። አንድ የስልክ መስመር፣ ስምንት ኮምፒውተር፣ አንድ ደቂቃ የሚቆጥር ፕሮግራም። ያሁ ሜይል ለመክፈት መዝሙረ ዳዊት ደግሞ የሚጨርስ ሰው ነበር። የጉዱ ጉድ ግን ዲቪ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ፎርሙን በፖስታ መቀበል ትቶ በኢንተርኔት ብቻ አደረገው፤ ፎቶም አብሮ ይላካል። የዚያን ጊዜው የፎቶ ጣሪያ 62,500 ባይት ነበር፤ ለዛሬ ስልክ ምራቅ እንደ መዋጥ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የዚያ ዘመን የተለመደው የስልክ ሞደም ወደ ውጭ ሲልክ በሰከንድ ከ33,600 ቢት አያልፍም። ፎቶው 500,000 ቢት ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ 15 ሰከንድ። ስምንታችሁም እኩል «ላክ» ካላችሁ ሁለት ደቂቃ፣ ያውም መስመሩ ካልተቋረጠ። በደቂቃ 25 ሳንቲም በሚያስከፍል ቤት የእናንተ ሥራ የ6 ሳንቲም ነው፤ የምትከፍሉት ግን 50 ሳንቲም። ቀሪው 44 ሳንቲም የምን ዋጋ ነው? የጎረቤቶቻችሁ ፎቶ ሲያልፍ ቆማችሁ ያያችሁበት ነው። ጎረቤታችሁም የእናንተ ፎቶ ሲያልፍ ላየበት ከፍሏል።

ባለ ካፌው የሚሸጠው ደቂቃ እንጂ መረጃ አልነበረም። ገመዱ በተጨናነቀ ቁጥር ደንበኛው ይበልጥ ይቀመጣል፤ በተቀመጠ ቁጥር ይከፍላል። ስለዚህ ዘጠነኛ ኮምፒውተር መጨመር ለእሱ ትርፍ ነው፣ ለስምንታችን ቅጣት። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ዋጋው የተሠራው በተሳሳተው ነገር ላይ ስለሆነ ነው። (አንዳንዱ ባለ ካፌ እንዲያውም «እስቲ የእሷ ትለፍ፣ እናንተ ትንሽ ቆዩ» እያለ በየተራ ያሳልፍ ነበር። ሳያውቀው የሃዋይን ደወል እየደወለ ነበር ማለት ነው፤ እግዜር ይስጠው።)

የዲቪው ማመልከቻ መመሪያ ራሱ በየዓመቱ «የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ፣ ብዙ ሰው ሲገባ ይዘገያል» እያለ ይመክር ነበር። እኛም በየዓመቱ የመጨረሻውን ሳምንት ጠበቅን። በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከመጣው በሁለትና በሦስት እጥፍ ብቻ ቢበልጥ እንኳ መዘግየቱ በሁለትና በሦስት እጥፍ አያቆምም።

ለዚህ መልስ የሚሰጠው የሰልፍ ሒሳብ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የኮፐንሃገን ስልክ ድርጅት ሠራተኛ የነበረው አግነር ኤርላንግ የጀመረው ሒሳብ ነው። ባዶ መስመር ላይ አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ አለን እንበል፤ ሰዎች ደግሞ ሳይነጋገሩ በፈለጉት ሰዓት ይመጣሉ። መስመሩ ግማሽ ያህል ሥራ ከበዛበት ያ ሥራ በአማካይ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። 80 በመቶ ሲሞላ አምስት ሰከንድ። 90 በመቶ ሲሞላ አሥር። 95 በመቶ ሲሞላ ሃያ። ከ90 ወደ 95 የተጨመረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ጥበቃው ግን እጥፍ ሆኗል። ጠዋት ወደ መገናኛ ታክሲ የሚጠብቅ የሳሊተ ምሕረት ሰው ይሄንን በእግሩ ያውቀዋል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ ሰው ገብቶ ይሄዳል፤ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ የወጣው ሰልፉ እስከ ታችኛው ሱቅ ደርሶ ያገኘዋል።

«ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» የሚባለውም ለዚህ ነው። አዲስ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። አንድ ሰው ተጨምሯል፣ በቃ።

ይሄንን ሁሉ የምንዘበዝበው እኛ ራሳችን አንድ ገመድ የምንጋራ አምስት ቤተሰቦች ስለሆንን ነው። ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለ ግቢ ነው። ማዘር ትልቁ ቤት ውስጥ፣ አራታችን ሰርቪሶቹ ውስጥ። ራውተሩ ማዘር ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው፤ የወሩን ሒሳብ ለአምስት እንካፈላለን። እንደ ውኃው፣ እንደ መብራቱ።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሰላም ነበር። ከዚያ የሦስተኛው ክፍል ልጅ ለውጭ አገር ድርጅት ከቤት ሆኖ የሚሠራበት ሥራ አገኘ። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጡት፤ ስብሰባው ደግሞ በእነሱ ቀን፣ በእኛ ምሽት፣ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ሁላችንም ከሥራ የምንገባበት ነው። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ፊቱ አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ይደርቃል፤ አለቃው በአክብሮት «ሌላ ጊዜ እንነጋገር» ይለዋል። አንድ ሁለቴ ይቻላል። አምስቴ ሲሆን የሙከራው ጊዜ ውጤት ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከደመወዙ ግማሽ ያህሉ ጎጃም ላሉ ቤተሰቦቹ ነው የሚሄደው።

የመጀመሪያው ሐሳብ «ከፍ ያለ ፓኬጅ እንግዛ» ነበር። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ይሄ ነው። ከመግዛታችን በፊት ግን ራውተሩ ገጽ ላይ ገብተን ማን ምን እንደሚያደርግ አየን። ፊልም የሚያይ ሰው ይኖራል ብለን ነበር፤ ያገኘነው ሌላ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስልኮቻችን ሁሉ ግቢ ሲገቡ ዋይፋዩን ያገኙና የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ማንም ሳያዛቸው ወደ ማከማቻቸው መስቀል ይጀምራሉ። ቅዳሜ ሠርግ ከተሄደማ አትጠይቁ። በእኛ መስመር ደግሞ የመላኪያው ጎን ከመቀበያው ይጠብባል። ራውተሩ ምንም ነገር መጣል ስለማይወድ የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ ያሰልፋል። የልጁ ድምፅ ቅንጣት ናት፤ ነገር ግን ከአርባ ሠርገኛ ኋላ እንደተሰለፈች አንዲት ተሳፋሪ ነች። አንድ ወንበር ነው የምትፈልገው። አርባው እስኪሳፈር ግን ትቆማለች፤ ስትደርስ ደግሞ ጨዋታው አልፏል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጀርባው ክፍል ነው። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ ስለሆነ ሲግናሉ ደካማ ነው። ደካማ ሲግናል ያለው ስልክ እንዲሰማ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ቀስ ብሎ ሲናገር አየሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። የግሬኖብል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት በሰከንድ በ11 ሜጋቢት በሚነጋገሩ መሣሪያዎች መሀል አንድ በ1 ሜጋቢት የሚነጋገር ሲገባ ሁሉም ከአንድ ሜጋቢት በታች ይወርዳሉ። ተራው በቃል ብዛት እንጂ በሰዓት ስለማይለካ ነው። የጀርባው ክፍል ተከራይ ምንም አላጠፋችም፤ ግድግዳው ነው። ራውተሩን ከማዘር ሳሎን ወደ ኮሪደሩ ለማውጣት ግን ሁለት ሳምንት ድርድር ፈጅቷል፤ ማዘር «ውጭ ወጥቶ ብርድ አይመታውም?» የሚል ስጋት ነበረባቸው።

ስለ ወረፋው በእንግሊዝኛ ቃላት ስንጨቃጨቅ መፍትሔውን የሰጡንም እሳቸው ናቸው። የግቢያችን ቆጣሪ ሁለት ምጣድ አይችልም፤ ሁለተኛው ሲሰካ ይወርድና ግቢው ይጨልማል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማክሰኞ የእከሌ፣ ሐሙስ የእከሊት፣ ቅዳሜ የማዘር። ምጣድ መግዛት ለማንም አልተከለከለም፤ ተራን መጠበቅ ብቻ ነው። ማዘር ቡናቸውን እየቀዱ «ታዲያ እንደ ምጣዱ ተራ አትገቡም?» አሉን። ጸጥ አልን።

ተራ ገባን። ፎቶ መስቀል ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሆነ፤ ስልኮቹ ላይ አስተካክለነዋል። ራውተሩም ላይ ወደ ውጭ የሚላከው ሁሉ ከመስመሩ ሙሉ አቅም ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲቆም ገደብ አደረግን፤ ወረፋው እንዳይከማች። እዚህ ላይ ነው ጦርነት የተነሣው። «የከፈልንበትን ለምን ባዶ እናስቀምጣለን?» አለ ተማሪው። ያለው ነገር ከባድ ነው፤ ሁለት ወንበር ባዶ አድርጎ የሚነሣ ታክሲ ማን አይቶ ያውቃል? ግን ያ ባዶው ቦታ ነው ወረፋው እንዳይከማች የሚያደርገው፤ ጥበቃውን የሚያሳጥረው። ወረቀት ላይ አሰላነው። ተማሪው አልተዋጠለትም። በሳምንቱ ግን የኦንላይን ፈተናውን አንዴም ሳይቆረጥበት ሲጨርስ ስለ ባዶው ወንበር ማንሣቱን ተወ።

የሦስተኛው ክፍል ልጅ ስብሰባው መቆራረጡን አቆመ። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ይቀረዋል።

የቀረን የገንዘቡ ነገር ነው። ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የልጁ ኮምፒውተር ከሁሉም ቀድሞ እንዲያልፍ አድርገናል፤ እሱም ራሱ «እኔ ልጨምር» ብሏል። ተማሪው ይሄንን ሲሰማ «ገንዘብ ያለው የሚቀድም ከሆነማ በፈተና ሰሞን እኔ የት ልሂድ?» አለ። እውነት አለው። የካፌውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው በደቂቃም በገንዘብም ተራ ሲገዛ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ዳኛ እንምረጥ ቢባል ደግሞ ዳኛው ማን ይሆናል? ራውተሩ ያዘዝነውን እንጂ የሚገባንን አያውቅም።

የጀርባው ክፍል ተከራይ ነርስ ናት፤ በወር ውስጥ አብዛኛውን ማታ ሆስፒታል ታድራለች። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ስኒዋን እያስቀመጠች «ሁላችሁም የምትጣሉበት ሰዓት ላይ እኔ ግቢ ውስጥ የለሁም፤ አንድ አምስተኛ የምከፍለው ለምኑ ነው?» አለች። ማዘር ወደ እኛ አዩ፤ እኛ ወደ ሦስተኛው ክፍል ልጅ አየን። «እስቲ እናስብበት» ተባባልን። የክፍያው ቀን አራት ቀን ቀርቶታል፤ እሷ ደግሞ እስከ ዓርብ ተረኛ ናት።